የተመላሽ ወታደር የገና ፊልም ለእናት እንዴት ይተረጎማል

ቀን ቀን አስተርጓሚ ነኝ። በስልክ ነው የምሠራው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ አደርሳለሁ። ታካሚዋ በአማርኛ ትመልሳለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ አደርሳለሁ። የሥራው ሕግ ሦስት ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ የራስሽን አስተያየት አትስጪ። ማታ ማታ ደግሞ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ቤታችን ለእማዬ የገና ፊልም አስተረጉማለሁ። እዚያ ሦስቱንም ሕግ በየአሥር ደቂቃው እጥሳለሁ። ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ። እናት፣ አክስት ወይም አማት ከአገር ቤት መጥታ ብርዱን ሙሉ ሶፋ ላይ ለምትከርምባችሁ ሁሉ ልምዴ ይጠቅም ይሆናል።

ስለ የትኛው ፊልም እንደማወራ ታውቃላችሁ። ወታደሩ ከግዳጅ ይመለሳል። ትንሿ ከተማ በረዶ ለብሳለች። አንዲት ልጅ የአያቷ የእንግዳ ማረፊያ እንዳይሸጥባት ትሯሯጣለች። መንገድ ላይ ይጋጫሉ፣ ትኩስ ቸኮሌቷ ካፖርቱ ላይ ይደፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሶፋችንም ያውቀዋል።

እማዬ ከገና ፊልሞች ሁሉ የወታደሩን ነው የምትመርጠው። የልዑሉን አትወድም፤ "ልዑልማ አይተናል" ትላለች። የከተማዋን ነጋዴ አትወድም፤ ስልክ ታበዛለች። ወታደር ካለበት ግን ቡናውን ቀደም አድርጋ ታፈላለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ እንግዳ እንደሚመጣባት ሰው ትቀመጣለች።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን ፊልሞች በብዛት የሚያሳየው ሆልማርክ የሚባለው ጣቢያ ነው። ስሙን ያገኘው በ1910 ካንሳስ ሲቲ ከተቋቋመው የካርድ ኩባንያ ነው። (የፈረንጆቹን ነገር በፈረንጅ፣ የቤታችንን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ግራ እንዳይገባችሁ።) ይህን ለእማዬ ስነግራት "የስልክ ካርድ?" አለችኝ። "የመልካም ገና ካርድ" አልኳት። "እና ካርድ ሊሸጥ ነው ይህን ሁሉ የሚያስለቅሰን?" አለች። ስለ ጣቢያው ከዚህ የተሻለ ትንታኔ አልሰማሁም። ከ2009 ጀምሮ "ወደ ገና ቆጠራ" የሚል ዘመቻ አላቸው፤ ኦክቶበር ሳይወጣ ይጀምራል፣ ከዚያ ቀን ተሌት ገና ነው። አዲሶቹ ፊልሞች በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይወጣሉ።

አንድ ፊልም ከነማስታወቂያው ሁለት ሰዓት ይይዛል። ፊልሙ ራሱ 84 ደቂቃ ገደማ ነው፣ የቀረው ሁሉ ማስታወቂያ። ጸሐፊዎቹ ታሪኩን በዘጠኝ ቁራጭ ቆርሰው ነው የሚሠሩት፤ በቁራጭና በቁራጭ መሃል ማስታወቂያ ይገባል። ሌላው ሰው በማስታወቂያ ይማረራል። አስተርጓሚ ግን ይባርከው። በፊልሙ መሃል ጭብጡን ብቻ ጣል ታደርጋላችሁ፤ "ተጣሉ"፣ "ዋሸቻት"፣ "እናቱ ናት"። ዝርዝሩን፣ ክርክሩንና የእናታችሁን ጥያቄ ለማስታወቂያው ታቆያላችሁ። ማስታወቂያ በሌለው መተግበሪያ የምታዩ ከሆነ ሪሞቱን ከእጃችሁ አትለዩ፤ ራሳችሁ ማስታወቂያ መሆናችሁ ነው።

ስለ ጾሙ አስቀድማችሁ አስቡ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ፊልሞቹ የሚጦፉትም ያኔ ነው። እነሱ በየአምስት ደቂቃው ኩኪስ ይጋግራሉ። ቅቤው ሲቀልጥ ካሜራው ጎንበስ ብሎ ያሳየዋል። እማዬ ያኔ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፤ "አለፈ?" ስትለኝ "አለፈ" እላታለሁ። እኛ ቤት ቆሎና ቡና ነው። ሁለት ገና እንዳለም አንዴ በደንብ አስረዱ፦ የእነሱ ዲሴምበር 25፣ የእኛ ታኅሣሥ 29። ይህን ካላስረዳችሁ "ታዲያ ጾሙ ሳይፈታ ለምን ይበላሉ?" የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ይበላዋል።

የሚያሰናክሉ ቃላት

ከሁሉ የሚከብደው የፊልሙ ዋና ቃል ነው፦ ቬተራን። መዝገበ ቃላቱ "የቀድሞ ወታደር" ይላል። እማዬ ዘንድ የቀድሞ ወታደር ማለት በ1983 የተበተነው ሠራዊት ነው፤ መለዮውን አውልቆ በየመንገዱ እጁን የዘረጋው። ቃሉን የተናገርኩ ቀን "ምስኪን፣ የሚበላው አለው?" አለችኝ። የልጁ ወላጆች ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነበር። "አርበኛ" ብዬ ሞከርኩ። አርበኛ ለእሷ ጎፈሬውን አበጥሮ ሚያዝያ 27 አደባባይ የሚወጣው አዛውንት ነው። "ይሄ ለጋ?" አለች። "ጡረተኛ" እንዳልል ልጁ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። "ተመላሽ" ስላት "ከቤይሩት?" አለችኝ።

በመጨረሻ "ዘማች" በሚለው ተስማማን። ዘመተ፣ ተመለሰ። ለእማዬ ይህ ቃል መልካም ነው። በ1967 በእድገት በኅብረት መንደራቸው የመጡት ተማሪዎች ዘማች ነበር የሚባሉት፤ ሀ ሁ ያስቆጠሯትም እነሱ ናቸው። አንዷ ዘማች እርሳስ ሰጥታት ሄዳለች። እና አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ዘማች ሲመጣ እማዬ በበጎ ዓይን ነው የምትቀበለው። እናንተም የእናታችሁን ቃል ፈልጉ፤ የእኔ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

ማዕረግ ቀላል ነው፣ ግን ተጠንቀቁ። ሳርጀንት ሃምሳ አለቃ፣ ሌተናንት መቶ አለቃ፣ ካፕቴን ሻምበል፣ ሜጀር ሻለቃ። አንድ ወጥመድ አለ፤ የባሕር ኃይል ካፕቴን ሻምበል አይደለም፣ ከኮሎኔል ጋር እኩል ነው። በማዕረግ ተርጉሙና ስሙን ተዉት። ሉክ ይሁን ጃክ፣ እናታችሁ አትይዘውም፤ በየፊልሙ ይቀያየራል። እማዬ ዘንድ ሁሉም "ሻምበል" ነው። ሃምሳ አለቃውን ሳይቀር ሾማዋለች።

"ስለ አገልግሎትህ አመሰግናለሁ" የሚሉት ነገር አላቸው። ቡና ቤት፣ ኤርፖርት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ወታደር ባዩ ቁጥር ይሉታል። በቀጥታ ከተረጎማችሁት ጉድ ይፈላል። እማዬ "አገልግሎት" ስትሰማ ልጁ ዲያቆን መስሏት ግማሹን ፊልም በዚያ ዓይን አየችው፤ ልጅቷን ሲያቅፋት ደነገጠች። አሁን "እግዜር ይስጥህ አለው" ብዬ አልፋለሁ።

ከየት እንደተመለሰ ፊልሙ አይናገርም። የድሮዎቹ ኢራቅ ወይም አፍጋኒስታን ይሉ ነበር፣ የአሁኖቹ "ባሕር ማዶ" ብለው ይዘጉታል። "ባሕር ማዶማ እኛ ነን ያለነው" አለች እማዬ። ልክ ናት። "ከሩቅ አገር" በሉ።

የልጅቷ አያት የእንግዳ ማረፊያ ነው ያላቸው። በመጀመሪያው ዓመት እኔ ተሳስቼ "አልጋ ቤት" አልኩ። እማዬ አሮጊቷን ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና "በዚህ ዕድሜያቸው!" አለች። እስከ ዛሬ አያት ባየች ቁጥር ትጠረጥራለች።

በር ላይ የሚሰቅሉት፣ ከሥሩ የተገናኙ ሰዎች የሚሳሳሙበት ቅጠል ደግሞ አለ። በአማርኛ ስም አለው፦ ተቀጽላ። ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለው ነው። ቃሉን በማወቄ ኮርቼ ተናገርኩ። ችግሩ እማዬ ተቀጽላን የምታውቀው በመድኃኒትነቱ ነው። "ማነው ያሠራባቸው?" አለች፣ እያማተበች። ደብተራ ፍለጋ ዓይኗ ክፍሉን ዞረ። ቃሉን ስለማወቅ ሳይሆን ስለ አለማወቅ የምታመሰግኑበት ጊዜ አለ። ዝም ብላችሁ "ቅጠል" በሉ።

የዛፉን መብራት የማብራቱን ሥርዓት "ደመራ" ብዬ ነው የምተረጉመው፣ በዚህም አልጸጸትም። ከተማው ይወጣል፣ ይዘፈናል፣ ከንቲባው ይናገራል፣ ብርሃኑ ቦግ ይላል። ደመራ ነው። የመጀመሪያ ቀን እማዬ ዛፉ እስኪቃጠል ጠብቃለች። ወደ የት እንደሚወድቅም ገምታ ነበር።

ሲመጣ

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት መምጫው ነው። ልጁ ከአውቶቡስ ወይም ከቀይ ፒክአፕ ይወርዳል፤ ሻንጣው ትከሻው ላይ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ። እዚህ ጋ ጥያቄ ይዘንባል፣ ተዘጋጁ።

"ልብሱን ማን ተኮሰለት?"

ስድስት ዓመት ሙሉ መልስ የለኝም። ከጦር ሜዳ ወጥቶ፣ ሁለት አውሮፕላን ቀይሮ፣ አንድ መስመር አልተጨማደደም። አንድ ማታ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በስህተት የደረሰውን ፖስታችንን ሊሰጠን መጣ። አፍጋኒስታን ሁለቴ ዘምቷል። ቆሎ ዘግኖ አሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ አየ። "ኮፍያ ጣሪያ ሥር አይደረግም" አለ። ቀጥሎ "ጺሙ" አለና ሳቀ። እማዬ ጠይቂልኝ አለችኝ፦ አንተ ስትመለስ ማርሽ ባንድ ነበር? ጠየቅኩት። "ኤርፖርት ሻንጣዬን ስጠብቅ ነበር፤ ጠፍቶብኝ" አለ። ያንን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የተረጎምኩት። እማዬ ዘቢብ ቋጥራ ሰጠችው።

ሌላው ጥያቄ በረዶው ነው። እማዬ የደብረ ብርሃን አካባቢ ሰው ናት። በረዶውን ሳይሆን ብርዱን ታውቃለች። "አፋቸው አይጨስም" አለች አንድ ቀን። እውነቷን ነው። አብዛኞቹ ፊልሞች የሚቀረጹት ካናዳ ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹ ቫንኩቨር ዙሪያ፣ ብዙ ጊዜም በበጋው ሙቀት። አንዱ ፊልም በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ተቀርጾ ያልቃል። መሬቱ ላይ ያለው ነጭ ነገር ብዙውን ጊዜ ወረቀት፣ አረፋ ወይም የተነጠፈ ነጭ ጨርቅ ነው። ተዋናዮቹ በሐምሌ ፀሐይ በካፖርትና በሻርፕ ይቀቀላሉ። ይህን ስነግራት ደስ አላት። ለልጁ ማዘኗን ትታ ለተዋናዩ ማዘን ጀመረች፤ "ላብ አሰመጠው እኮ።" ኋላ ያሉትን ዛፎች እዩ፣ ቅጠላቸው አረንጓዴ ከሆነ ለእናታችሁ አሳዩዋቸው። አንድ ሰዓት የሚያቆያት ጨዋታ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። "ማን አፍሶ ወሰደው?" አሜሪካ በግዴታ መመልመል ካቆመች ከ1973 ወዲህ ነው፤ ወዶ ነው የሄደው አልኳት። "ወዶ?" አለች። "ወዶ ዘማች" አልኩ። ቃሉን ታውቀዋለች፣ ግን እኛ ሰፈር የነበሩት ወጣቶች አልጋ ሥር ነበር የሚደበቁት። እዚህ ጋ አትከራከሩ። ማስታወቂያው እስኪያልቅ ቆሎውን አቀብሉ።

ውሻ ሊኖር ይችላል። አልጋ ላይ ይወጣል። አትተርጉሙት፣ ራሷ ታየዋለች፣ አስተያየቷንም ራሷ ትሰጣለች።

ደብዳቤው

ብዙዎቹ ፊልሞች ውስጥ ደብዳቤ አለ። ልጅቷ ወይም የትምህርት ቤት ሕፃናት ለማያውቁት ወታደር ካርድ ይልካሉ፣ እሱ ይመልሳል፣ ደብዳቤው በድምፅ ይነበባል። ይህን አታሳጥሩ። "ናፍቃኛለች ይላል" ብላችሁ እንዳታልፉ። ሪሞቱን ተጫኑ፣ ፊልሙን አቁሙ፣ ሙሉውን ተርጉሙ። ያውም በፈረንጁ ወግ ሳይሆን በእኛ፦

"ለተከበርሽው እኅቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።"

የፊልሙ ወታደር እንደዚህ አላለም። ያለው ስለ ኮከቦችና ስለ እናቱ ኬክ ነበር። ግን እማዬ ያንን የመክፈቻ ዐረፍተ ነገር ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። በኛ ቤት ከግንባር የመጣ ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጀምረው። ማንም "ደህና አይደለሁም" ብሎ አይጽፍም። ቤት ያለው ሰው የሚያነበው "ከናፍቆት በስተቀር" ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ የዚህ ፊልም ሥሩ ደብዳቤ ነው ብዬ አስባለሁ። በ1943፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ ቢንግ ክሮስቢ ከዘፈናቸው የገና ዘፈኖች አንዱ ባሕር ማዶ ያለ ወታደር ለቤተሰቡ የሚልከው መልእክት ነው። እመጣለሁ ይላል፣ አዘጋጁልኝ ይላል። መጨረሻ ላይ ግን በሕልሙ ብቻ እንደሚመጣ ይናገራል። የሆልማርክ ጸሐፊዎች ያቺን የመጨረሻ መስመር ቆርጠው ጥለው በምትኩ አውቶቡስ አስገቡ። አልፈርድባቸውም።

እናታችሁ "ይሄ ሁሉ ውሸት ነው" ካለች አንድ እውነተኛ ነገር ንገሯት። ከ1952 ጀምሮ የአሜሪካ አየር ኃይል በየዲሴምበሩ ከጓም እየተነሳ ለፓስፊክ ደሴቶች በፓራሹት ሣጥን ይጥላል፤ ምግብ፣ ልብስ፣ መጫወቻ። በእሱም ላይ የገና ፊልም ተሠርቷል። እማዬ ይህን ያለ ማስረጃ አመነች። በ77ቱ ድርቅ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች በደጋው ላይ ዝቅ ብለው እህል ሲጥሉ የነበረ ጊዜ ታስታውሳለች። "ፓራሹት እንኳ አልነበረውም፣ ጆንያው ወርዶ ይፈርጥ ነበር" አለች።

ትሪው ሲወድቅ

ከመሃል አለፍ ብሎ አንድ ነገር ይወድቃል። ትሪ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ርችት ይተኮሳል። ሻምበሉ ይደነግጣል፣ ከሰው ተለይቶ ይወጣል። ልጅቷ ተከትላው ወጥታ ኩኪስ ትሰጠዋለች። ሙዚቃው ይለሰልሳል፣ ዳነ። ሁለት ደቂቃ ተኩል።

በሥራዬ የዚህን ሕመም ስም በሙሉ አውቀዋለሁ፤ በቀን ሁለቴ የምለው ጊዜ አለ። ቤት ግን አልናገረውም። "ትዝ አለው" ነው የምለው። ይበቃል። እማዬ ሻምበሉን አየችውና "ይሄ በኩኪስ አይለቅም" አለች። (እውነተኛው ዘማች ቤታችሁ ካለ፣ አሜሪካ ውስጥ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን መጫን ነው። ለእነሱ የተመደበ መስመር ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይነሳል።)

ለዚህ ትዕይንት ያለኝ ምክር አንድ ነው። ድምፁን ቀንሱና ዝም በሉ። ምክንያቱም እናታችሁ ልትናገር ትችላለች። የእኔ እናት በአራተኛው ዓመት ነው የተናገረችው፣ ትሪ ሲወድቅ። ስለ አጎቴ።

አጎቴ የእማዬ ታናሽ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው ጢሙ በቅጡ ሳይወጣ ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወሬው ጠፋ። በታኅሣሥ 1984፣ በጾሙ መሃል፣ አንድ የኔ ቢጤ በራችን ላይ ቆሞ "ስለ እግዚአብሔር" አለ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። እማዬ ከጓዳ ሆና "ስጪው" ብላ ቁራሽ ዳቦ አስያዘችኝ። ወጣሁ። ሰውየው ከወገቡ በላይ ማዳበሪያ ከረጢት ለብሷል፣ እግሩ ላይ ምንም የለም። ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። አልበላውም። "እታለምን ጥሪልኝ" አለኝ።

እማዬን እታለም የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ ግን ያንን አላውቅም፤ "ሰውየው እታለም የምትባል ሴት ይፈልጋል" አልኳት። የመጀመሪያ ትርጉሜ መሆኑ ነው። በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ከከሰላ ተነሥቶ ነው የመጣው። ቤቱ የእሱ ነው፣ ግን እንደዚያ ሆኖ በስሙ ለመግባት አፍሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በሩ አጠገብ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ነበር የሚተኛው።

እናታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካወጋች ፊልሙ አምልጧችሁ ይሂድ። ነገ ይደግሙታል፣ ከነገ ወዲያም።

መሳሳሙና የቀረው

መሳሳሙ ቶሎ አይመጣም። ሁለት ሦስቴ ሊሳሳሙ ሲሉ አንድ ነገር ያቋርጣቸዋል፦ ስልክ፣ ሕፃን፣ ውሻ፣ ከጣሪያ የሚንሸራተት በረዶ። እማዬ የሚያቋርጠውን ሁሉ "መልአክ" ትለዋለች። እውነተኛው መሳሳም በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቫዮሊኑ ሲበዛና በረዶ ከላይ መውረድ ሲጀምር ተነሡ፣ ውሃ አምጡ፣ መጋረጃ ዝጉ። እናታችሁም የራሷ መላ ይኖራታል። የእኔዋ "ቡናው ገነፈለ" ብላ ትሄዳለች። ምድጃው ከጠፋ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

ከመሳሳሙ በፊት ጠቡ አለ፤ ፊልሙ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ጠብቁት። ልጅቷ የስልክ ንግግሩን ግማሹን ትሰማለች፤ ተመልሶ ሊዘምት ነው ብላ ትደመድማለች፣ ሻንጣዋን ታነሣለች። "ለምን አትጠይቀውም?" ትላለች እናታችሁ። የጸሐፊው ጠበቃ አትሁኑ። እኔ አንድ ጊዜ "በፍቅር ላይ ያለ ሰው እንደዛ ነው" ብዬ ላስረዳ ሞክሬ "አንቺም እንደዛ ነሽ?" ተብዬ ቀርቻለሁ። እጮኛ የላችሁም ከሆነ ይህ ክፍል በተለይ አደገኛ ነው። ውይይቱ ከሻምበሉ ወደ እናንተ ለመዞር አንድ ማስታወቂያ ይበቃዋል።

መጨረሻው ላይ የሚተረጎም ነገር የለም። ይታቀፋሉ፣ ከተማው ያጨበጭባል፣ አያትየው ቤታቸውን አይሸጡም።

የመጨረሻው ሥራችሁ ያለው በማግስቱ ነው። አጎቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለው። እሁድ ጠዋት፣ እዚያ ሲመሻሽ፣ እማዬ ትደውልለትና የቅዳሜውን ፊልም ታወራለታለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፣ እኔ ሲኒ አጥባለሁ። የምታወራውን ፊልም እኔ አልተረጎምኩትም፣ ማንም አልቀረጸውም። ምክሬ፦ አታርሙ።

"ሻምበሉ በእግሩ ነው የመጣው" አለችው ባለፈው። ፊልሙ ላይ በቀይ ፒክአፕ ነበር። "ከስቶ ከስቶ። በሩ ላይ ቆሞ ስለ እግዚአብሔር አለ። አንዲት ትንሽ ልጅ ዳቦ ይዛለት ወጣች።"

መስመሩ ትንሽ ዝም አለ።

"ዳቦው ትኩስ ነበር?" አለ አጎቴ።

"ያደረ ነበር" አለች እማዬ። "ግን በላው።"